ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ጎንደር ላይ ቤት ከየት ይገኛል? ለአዘዞዋ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዘዞ ነው። እኔ በመንግሥት ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ሁለት ልጆች አሉን። የሁለታችን ገቢ ተደምሮ በወር ወደ 8,000 ብር ነው። ለሁለት ክፍል የጭቃ ቤት 2,500 ብር እንከፍላለን፤ አሁን አከራያችን ከመስከረም ጀምሮ 4,000 ነው ብለውናል። ባለቤቴ የደንቢያ ልጅ ነው፤ እዚያ በስሙ ትንሽ የእርሻ መሬት አለችው። እናቴ አራዳ በቀበሌ ቤት ይኖራሉ። አንድ ደላላ ደግሞ «የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሊጀመር ነው፤ 15,000 ብር ካመጣችሁ ስማችሁን አስገባለሁ» አለን። ለእኛ የሚሆን ቤት አለ? ካለስ ብቁ የሚያደርገን ምንድን ነው?

ምላሽ፦ ለደላላው አንድም ብር አይስጡ። የከተማ አስተዳደሩ የቤትም ሆነ የቦታ ምዝገባ ሲከፍት በአደባባይ ያስታውቃል፤ ማስታወቂያው በክፍለ ከተማና በቀበሌ ሰሌዳ ይለጠፋል። አመልካች ራሱ መታወቂያውን ይዞ ቀርቦ ቅጽ ይሞላል፤ ክፍያ ካለም በባንክ ገቢ ይሆናል ወይም የመንግሥት ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ፋይል ሳይኖረው የገባ ስም በማጣራት ጊዜ መውደቁ አይቀርም። ያኔ ብሩን ላስመልስ ቢሉ በእጅዎ ምንም ወረቀት የለም። ሰውዬው በእርግጥ ውስጥ ሰው አለው እንበል፤ ያኔም የከፈሉት ጉቦ ነው፤ እከሳለሁ ሲሉ እርስዎም አብረው ሊጠየቁ ይችላሉ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በዜና የሚሰሙት 10/90፣ 20/80 እና 40/60 (ቁጥሮቹ ተመዝጋቢው የሚቆጥበውንና በባንክ ብድር የሚሸፈነውን ድርሻ በመቶ ያሳያሉ) በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው ምዝገባ ነው፤ የከተማዋ ነዋሪዎች ተመዝግበው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚቆጥቡበት። የጎንደር ነዋሪን አይመለከትም። እዚህ ያሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የተሠሩት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ወደ ክልል ከተሞች በወጣበት ጊዜ ነው፤ በዕጣ ተላልፈው ባለቤት ይዟቸዋል። ዛሬ እዚያ መግባት የሚችለው ከባለቤቱ የገዛ ወይም የተከራየ ብቻ ነው። በ8,000 ብር ገቢ መግዛቱን ለጊዜው ይርሱት። ወደፊት አዲስ ፕሮግራም ቢታወጅ እንኳ የሚጠየቁት ሰነዶች ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው ብዙም አይለዩም፤ ስለዚህ ፋይሉን ማዘጋጀቱ በከንቱ አይቀርም።

ለእናንተ በተግባር የሚሠሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ የቀበሌ ቤት፣ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ እና በጽሑፍ ውል የጸና ኪራይ። የእኔ ምክር ለማኅበሩ እየተዘጋጃችሁ በኪራይ ውሉ ቆዩ ነው። የቀበሌ ቤቱን ማመልከቻ አስገቡ፤ ተስፋችሁን ግን እሱ ላይ አትጣሉ።

የቀበሌ ቤት የሚባሉት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ውስጥ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ናቸው፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ኪራያቸው ዛሬም ከገበያው ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ለዚህም ነው የገባ የማይወጣው። ባዶ ቤት የሚገኘው ተከራይ ሲሞትና በሕግ የሚቀጥል ሰው ሳይኖር፣ ሌላ ቤት አግኝቶ ሲለቅ፣ ወይም ውሉን ጥሶ ሲቋረጥበት ነው። ሲገኝም ቀድሞ የሚታየው ጧሪ የሌለው አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ገቢ የሌላት እናት፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ነው። ሁለት ሠራተኛ ያለበት ቤተሰብ፣ ገቢው ምንም ያህል ቢያንስ፣ ከእነዚህ በኋላ ይሰለፋል። ማመልከት ከፈለጉ ለምትኖሩበት ቀበሌ በጽሑፍ ያስገቡ፤ መዝገብ ቤት ገቢ ያደረገበትን ቁጥርና ቀን በቅጂው ላይ ያስጽፉ። በቃል የተነገረ ማመልከቻ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። በከተማ ሴፍቲኔት ታቅፋችሁ ከሆነ ማስረጃውን አያይዙ፤ ድህነታችሁ በማኅበረሰቡ ፊት ተለይቶ እንደነበር ያሳያል።

የእናትዎን ቤት በተመለከተ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚጣላበት ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። የቀበሌ ቤት ውርስ አይሆንም። ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ እናትዎ ያላቸው የተከራይነት መብት ብቻ ነው፤ ኑዛዜ ቢጽፉበትም ቤቱን አያስተላልፍም። ተከራዩ ሲሞት ኪራዩ ይቀጥል የሚለው ጥያቄ የሚታየው አብሮ ይኖር ለነበረና በዚያ ቤት የቤተሰብ ቅጽ ላይ (ቀበሌው የቤቱን ነዋሪዎች በሚይዝበት መዝገብ) ለተመዘገበ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ነው። እርስዎ አዘዞ ተመዝግበው አዘዞ እየኖሩ የአራዳውን ቤት መጠየቅ አይችሉም። እናትዎን ለመጦር በእውነት አብረዋቸው የሚገቡ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ምዝገባዎን ያዛውሩ፤ ሲታመሙ ወይም ካረፉ በኋላ የሚደረግ ምዝገባ ጥርጣሬ ያስነሳል። ሳይኖሩ በወረቀት ብቻ መዛወሩንም አይሞክሩት። ለማኅበር ሲያመለክቱ በሁለት ቦታ መገኘትዎ ከሁለቱም ያስወጣዎታል።

እናትዎም የሚጠነቀቁት ነገር አለ። አንዷን ክፍል ለሌላ ሰው ማከራየት፣ በቁልፍ ገንዘብ ማስተላለፍ (ብር ተቀብሎ ቤቱን ለሌላ መልቀቅ)፣ ሳያስፈቅዱ ግድግዳ አፍርሶ መቀጠል ውል የሚያስቋርጡ ጥፋቶች ናቸው። የኪራይ ደረሰኛቸውን አንድም ሳይጥሉ ያስቀምጡ። በልማት ምክንያት ሰፈሩ ቢነሳ ምትክ ቤት ለማግኘት የሚታየው የታደሰ ውልና ያልተቋረጠ ክፍያ ነው፤ ውሉ በሟች ባል ስም የቀረበት ቤት ያኔ ብዙ ጣጣ አለው። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የአረጋውያን ቤት ይጠገናል፤ የሚጠገኑት ቤቶች ዝርዝር የሚያዘው ከክረምቱ ቀድሞ ስለሆነ ቀበሌውን በግንቦት ያነጋግሩ፤ ሐምሌ ላይ ሲሄዱ ቆርቆሮው ተመድቦ አልቆ ያገኙታል። በፋሲል ግቢ ዙሪያ ያለ ቤት ከሆነ የጥገናው ፈቃድ የቅርስ ጥበቃንም ይነካልና አናጢ ከመጥራታቸው በፊት ይጠይቁ።

አሁን ወደ ማኅበሩ። የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ነው። በጨረታ ለአንድ ካሬ ሜትር የሚቀርበው ዋጋ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። በምደባ የሚሰጥ ቦታ ግን በሊዝ መነሻ ዋጋ ይሰላል፤ ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ ከ10 በመቶ አያንስም፤ ቀሪው በዓመታት ተከፋፍሎ ይከፈላል፤ የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ስለዚህ የማኅበር ቤት ላይ የሚከብደው መሬቱ አይደለም። የሚከብደው ግንባታው ነው፤ ከግንባታው በፊት ደግሞ አቅም እንዳላችሁ ማሳያ ተብሎ በዝግ ሂሳብ የሚቀመጠው ገንዘብ።

አካሄዱ ይህን ይመስላል። አስተዳደሩ ለማኅበራት ቦታ ሊሰጥ ሲወስን የነዋሪነት ዘመኑን፣ የአባላቱን ቁጥር፣ የሚሠራውን ቤት ደረጃና የዝግ ሂሳቡን መጠን ጠቅሶ ማስታወቂያ ያወጣል። እነዚህ ከዙር ዙር ይለዋወጣሉ፤ ጎረቤት ባለፈው ዙር የከፈለውን ቁጥር ይዘው አይቁጠሩ። አባላቱ ይሰባሰባሉ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያጸድቃሉ፣ ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ መዝግቦ የሕጋዊ ሰውነት ምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ባንክ ሂሳብ የሚከፈተው በማኅበሩ ስም ነው፤ ገንዘቡ ከሞላ በኋላ ሂሳቡ ይዘጋና ያለ አስተዳደሩ ደብዳቤ አይንቀሳቀስም። ከዚያ የአባላቱ ስም ቤትና ቦታ እንደሌላቸው ለማጣራት ይላካል። ያለፉት ቦታ ይመደብላቸዋል፤ ዕጣ ያወጣሉ፤ የሊዝ ውል ፈርመው ካርታና የግንባታ ፈቃድ ይወስዳሉ።

እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት፤ ይህ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል። ማኅበር ብዙ ጊዜ የሚደራጀው በመሥሪያ ቤት ነውና የትምህርት ቤታችሁ መምህራን ሲደራጁ «እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ» ብለው ወደኋላ አይበሉ። መስፈርቱ ነዋሪነት፣ ቤት አልባነትና የዝግ ሂሳቡ ገንዘብ እንጂ የሥራ መደብ አይደለም። እንዲያውም በመሥሪያ ቤት የተደራጀ ማኅበር ደመወዝና አድራሻው የሚታወቅ ሰው ስለሚይዝ አባሉ በመሀል አይጠፋም። በሰፈር በችኮላ የተሰባሰበ ማኅበር ላይ የሚደጋገመው ችግር ይህ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት አባል ቀድሞ ቤት ወይም ቦታ ያገኙ ሆነው ይገኛሉ፣ ቁጥሩ ከሚፈለገው በታች ይወርዳል፣ ተተኪ ተፈልጎ እንደገና እስኪጣራ ድረስ ንጹሑም ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ሲደራጁ የሌላውንም ሰው ፋይል ይጠይቁ፤ ነውር የለውም።

ገንዘብ ለኮሚቴ ሰብሳቢ በእጅ አይስጡ። ራስዎ ባንክ ሄደው በማኅበሩ ሂሳብ ገቢ ያድርጉ፤ በስሊፑ ላይ የገቢ አድራጊው ስም የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። በመዋጮ ስም ለ«ማስኬጃ» የሚሰበሰብ ገንዘብም ደረሰኝና ቃለ ጉባኤ ይኑረው። ማኅበር ሲፈርስ ሰው የሚያስመልሰው በስሊፕ ያሳየውን ብቻ ነው።

ፋይሉ ላይ ጊዜ ልውሰድ፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው በድህነቱ ሳይሆን እዚህ ላይ ነውና። ማስታወቂያ ሲወጣ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ መሸኛ ከገጠር፣ የጋብቻ ማስረጃ ከወሳኝ ኩነት፣ ውሳኔ ከፍርድ ቤት በዚያች አጭር ጊዜ አይሰበሰቡም።

ነዋሪነት የሚቆጠረው እዚህ መኖር ከጀመራችሁበት ቀን ሳይሆን በቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ ላይ ከተመዘገባችሁበት ቀን ነው። ተከራይ ላይ ይህ ይከፋል፤ አንዳንድ አከራይ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ተከራዩ በቤቱ ቁጥር እንዲመዘገብ አይፈልግም። የጽሑፍ ውል ካላችሁ ውሉን፣ ከሌለ የልጆቹን የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የእርስዎን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና የሰፈር ምስክሮችን ይዛችሁ ቀበሌውን በጽሑፍ ጠይቁ። ቤት በቀየራችሁ ቁጥርም ምዝገባውን አዛውሩ፤ ከአዘዞ ወደ ማራኪ ክፍለ ከተማ ሄዶ የድሮው ቀበሌ ላይ የቀረ ሰው በማጣራት ቀን «የለም» ይባላል።

የባለቤትዎ ነገር ከሁሉም ቀድሞ መስተካከል ያለበት ነው። የደንቢያው መሬት የእርሻ ይዞታ ስለሆነ በራሱ የከተማ ቤት እንዳለው አያስቆጥርም። ጥያቄው እሱ ዛሬ የየት ነዋሪ ነው የሚለው ነው። መታወቂያው የገጠር ቀበሌው ከሆነ፣ ለጎንደር አስተዳደር እሱ የሌላ ወረዳ አርሶ አደር ነው። ሁለት ቦታ መታወቂያ ይዞ መገኘት ደግሞ የባሰ ነው፤ የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር ከመጣ ወዲህ ይህን መደበቅ እየከበደ ሄዷል። መፍትሔው መሸኛ አውጥቶ እዚህ መመዝገብ ነው፤ ነገር ግን የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ይዞታን ከነዋሪነትና ከእርሻ መተዳደሪያ ጋር ያያይዘዋል። መሸኛውን ከመጠየቁ በፊት የወረዳውን የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት የመሬት ይዞታ ደብተሩን ይዞ ያነጋግር፤ መሬቱን ማከራየት፣ ለቤተሰብ በስጦታ ማስተላለፍ ወይም ባለበት ማቆየት ከሚሉት የቱ እንደሚፈቀድለት ይጠይቅ። እርሻዋን ማጣትና የከተማ ቦታ የማግኘት ተስፋ እኩል አይመዘኑም፤ አንዱ በእጅ ያለ ነው። ባልና ሚስት ተነጋግራችሁ የምትወስኑት ነው እንጂ በማመልከቻ ሩጫ መሀል የሚደረግ አይደለም።

ቤት አልባነት የሚጣራው በሁለታችሁም ስም ነው። ባለቤትዎ ከዚህ በፊት በሌላ ማኅበር ታቅፎ ቦታ ወስዶ ከሸጠ፣ እርስዎ ንጹሕ ብትሆኑም ማመልከቻው ይወድቃል። ያልተከፋፈለ ውርስም ይገኛል፤ አባትዎ ጎንደር ውስጥ የግል ቤት ትተው ካለፉና በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ላይ ስምዎ ካለ፣ ክፍሏ ምንም ብታንስ ቅጹ ላይ ይጻፉት። ተጽፎ የተገኘ ነገር ይታያል፤ ተደብቆ የተገኘ ግን ሐሰተኛ ማስረጃ ተብሎ ያስከስሳል። የተፋታ ሰው የፍቺውን ብቻ ሳይሆን የንብረት ክፍፍሉንም ውሳኔ ማያያዝ አለበት፤ ያለዚያ የቀድሞው ትዳር ቤት በስሙ እንዳለ ይቆጠራል። ጋብቻችሁ በሽማግሌ ብቻ የተፈጸመ ከሆነ በወሳኝ ኩነት አስመዝግቡት። ቦታው ሲገኝም ካርታው በሁለታችሁ ስም እንዲሠራ በቅጹ ላይ ከመጀመሪያው የሁለታችሁንም ስም አስገቡ።

ስም አጻጻፍ የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ሰው ያስለቅሳል። በመታወቂያው ላይ «ዓለምፀሐይ ኃይሉ»፣ በባንክ ደብተሩ «አለምጸሀይ ሀይሉ»፣ በደመወዝ ደብዳቤው በቤት ስሟ «ዓለሜ» ተብላ የተጻፈች አመልካች ለኮምፒውተሩ ሦስት ሴት ናት። የሁሉንም ሰነድ ፊደል አሁን ያስተያዩ፤ ፋይዳው ላይ እንዳለው አድርገው ያስተካክሉ፤ የአያት ስም የጎደለበትም ይሟላ።

ለገቢ ማስረጃ የእርስዎ ቀላል ነው፤ ትምህርት ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ ይጽፋል። የባለቤትዎ የቀን ሥራ ግን የሚጽፍለት የለም፤ ቀበሌው በምስክር የሚሰጠው ማስረጃ እንዳለ ሆኖ፣ የሚያገኘውን በየሳምንቱ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢያስገባ የአንድ ዓመት እንቅስቃሴው ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

ገንዘቡን እናስላ። ለምሳሌ ዝግ ሂሳቡ 100,000 ብር ተባለ እንበል። በወር 1,500 ብር ብትቆጥቡ ለመሙላት 67 ወር፣ ማለት ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ይወስዳል። አከራያችሁ የጨመሩት ደግሞ ልክ 1,500 ብር ነው፤ በዓመት 18,000። እሱን ከከፈላችሁ የማኅበሩ ቁጠባ የለም ማለት ነው። ስለዚህ የኪራዩ ድርድርና የማኅበሩ ጉዳይ አንድ ናቸው። ዕቁብ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለማሰባሰብ ይረዳል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም፤ ዕጣው በደረሳችሁ ቀን ወደ ባንክ ይግባ። በመሥሪያ ቤታችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይግቡ፤ ብድር የሚፈቅደው በቁጠባው መጠንና ዕድሜ ነው፤ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ የገባ ሰው አይደርስለትም።

የኪራይ ሕጉ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። በአዋጁ መሠረት ውል በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ አይደረግም፤ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል፤ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ይፋ ከሚያደርገው ውጭ አይሆንም። በክልሎች አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚለያቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ክፍለ ከተማችሁ ሄደው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «የኪራይ ውል የሚመዘግበው የትኛው ጽሕፈት ቤት ነው?» መዝጋቢ ካለ የ1,500 ብሩን ጭማሪ ሕጋዊነት እዚያው ይጠይቁ።

ሆኖም አዋጁን ይዘው ከመፋጠጥ በፊት አከራይዎን በሰላም ያነጋግሯቸው። ብዙ አከራይ የሚጨምረው ነገ ተከራዩ ጥሎኝ ይሄዳል፣ ቤቱም ባዶ ይከርማል ብሎ ስለሚሰጋ ነው። ለሁለት ዓመት በማይለወጥ ዋጋ፣ በየወሩ በተወሰነ ቀን በባንክ እንከፍላለን፣ የውስጡን ልስን እኛ እናድሳለን የሚል ሐሳብ ለ3,000 ብር በር ሊከፍት ይችላል። ከተስማሙ ውሉ ላይ የክፍሉ ብዛት፣ ዋጋው፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያው ጊዜ፣ የመብራት ሒሳቡ በንዑስ ቆጣሪ ይሁን በአምፖል፣ ውኃ ስንት ቀን እንደሚቀዳና ሮቶው የጋራ መሆን አለመሆኑ ይጻፍ። ጎንደር ላይ በውኃ የተነሳ የሚፈርስ ኪራይ በዋጋ ከሚፈርሰው አያንስም። ሁለት ምስክር ይፈርም፤ አንድ ቅጂ በእጅዎ ይቅር። ይኸው ውል በቤተሰብ ቅጽ ለመመዝገብም ያገለግላል።

ካልተስማሙና መልቀቅ ግድ ከሆነ፣ ርካሽ ነው ብለው ሽንታና ቀሃ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ከመያዝዎ በፊት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፍ ይገባ እንደሆነ ጎረቤት ይጠይቁ። «ካርታው በሂደት ላይ ነው» እየተባለ ከከተማው ዳር የሚሸጥ የአርሶ አደር መሬትም ይቀርብላችኋል። መሬት አይሸጥም፤ ሻጩ የፈረመው ወረቀት ፈራሽ ነው፤ የተሠራውም ቤት ሲፈርስ ካሳ የለውም። ለማኅበር የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ሌሊት የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ቦታ በደረሳችሁ ጊዜ የሚገጥመውን ወጪ ካሁኑ እወቁት። በአዘዞና በጠዳ አቅጣጫ ሜዳው ላይ ያለው አፈር በብዙ ቦታ ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ጥልቀት የሌለው የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ ግድግዳ በሁለት ክረምት ይተረተራል። ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ወጥቶ በተመረጠ አፈር ተሞልቶ ይጠቀጠቃል ወይም መሠረቱ እስከ ጽኑው ድረስ ይወርዳል፤ ሁለቱም ከመሠረት በላይ ላለው ሥራ ያሰባችሁትን ብር ይበላሉ። ውሉ ላይ ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ ይጻፋል፤ ካለፈ ቦታው ሊወሰድ ይችላል። አቅም አጠረኝ ብሎ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ እንደፈለጉ መሸጥም አይቻልም፤ ዝውውሩ በአስተዳደሩ ክትትል ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሁሉንም ክፍል አንድ ላይ ከመጀመር ይልቅ ፕላኑ ሲሠራ በደረጃ የሚጨረስ እንዲሆን፣ አንድ ክፍልና ወጥ ቤት ቀድመው አልቀው መግባት እንድትችሉ ነዳፊውን ያሳስቡት። የኪራዩ ብር የሚቆመው በገባችሁበት ወር ነው።

ማመልከቻችሁ ከወደቀ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። «አያሟላም» የሚል የቃል መልስ ይዞ ቅሬታ ማቅረብ አይቻልም። ቅሬታው በማስታወቂያው በተሰጠው ቀን ውስጥ ለቀበሌው፣ ከዚያ ለክፍለ ከተማው፣ ከዚያ ለከተማ አስተዳደሩ ቅሬታ ሰሚ ይሄዳል፤ ደረጃውን ዘልለው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ቢሄዱ ወደ ታች ይመልሱዎታልና ቀኑ ያልፋል። አስተዳደራዊ በደል ነው ብለው ካመኑ የእንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ከታች የተሰጠዎትን የጽሑፍ መልስ ነው።